ቁጥሩ እንዳይበላሽ

አስካል በሩን በግራ እጇ ገፍታ ስትገባ ውጪው መቶ አሥራ አንድ ዲግሪ ፋረንሃይት ነበር። ቤቱ ቀዝቅዞ፣ ጸጥ ብሎ፣ ሲንኩ እስከ አፉ ሞልቶ ጠበቃት። ጠዋት ባዶ አድርጋው ነው የወጣችው። ሦስት ሰው ቤት ውሎ እንዴት አሥራ ሰባት ብርጭቆ እንደሚያቆሽሽ ሁለት ዓመት ሙሉ አስባበት መልሱን አላገኘችም። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀኝ ትከሻዋን በግራ መዳፏ ደግፋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ውሃውን ከፈተች።

ትከሻዋን የተጎዳችው ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ማጽዳት ከጀመረች አሥር ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን አንሶላ ልታስገባ የትልቅ አልጋ ፍራሽ ጥግ ስታነሳ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ቀላል ሥራ አዝዞላት፣ ምድር ቤት ካለው የልብስ ክፍል ተቀምጣ ናፕኪን ታጥፋለች። ቀላሉ ሥራ የሚያበቃው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ወደ ቦርዷ ትመለሳለች። ቦርድ የሚሉት ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዷ ሠራተኛ የሚሰጠውን፣ የዕለቱ ክፍሎች ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ነው፤ የእሷ አሥራ ሦስት ክፍል ነው። ሐኪሙ ሳያሽሞነሙን ነግሯታል፦ ቀን አሥራ ሦስት ክፍል፣ ማታ ደግሞ ቤቷ ሁለተኛ ሺፍት ከሆነባት ትከሻው እስከ ገና አይቆይም፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሥራው ይጠብቃት እንደሆነ ማንም ቃል የሚገባላት የለም።

ስለዚህ ለባሏ ቁርጡን ነግራዋለች። እስከ ዓርብ ድረስ ይህ ቤት ያለ እሷ ክንድ መቆም ካልቻለ ልጆቹ ኦገስት ላይ ትምህርት ቤት ይገባሉ። የመመዝገቢያውን ቅጽ ስልኳ ላይ ሞልታ ጨርሳለች። የመጨረሻዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀራት።

ናርዲ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ዳግም ዘጠኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ናርዲ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሊመጣ ሲል ማስመለስ ጀመረች። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷት ሆዷ ጤነኛ ነው ተባለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባቷ ሕዝቅኤል ለትምህርት ዲስትሪክቱ ቤት ይማራሉ የምትል አንዲት ወረቀት ልኮ ሁለቱንም አስቀራቸው። የመጀመሪያው ዓመት ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ተዘርግቶ በለቅሶ አለቀ። በሁለተኛው ሕዝቅኤል ኢንተርኔት ላይ ሌላ መንገድ አገኘ፦ ልጁ ይምራ፣ ወላጅ ይከተል። የትምህርት ሰዓት የለም፣ ፈተና የለም፤ ልጅ የወደደውን ነገር ይዞ እስኪጠግበው ድረስ ይሄድበታል።

የሚያናድደው ነገሩ መሥራቱ ነው። ናርዲ ማስመለስ ተወች፤ ከቤተ መጻሕፍት በካርቶን የምታመጣውን መጽሐፍ ሳምንት ሳይሞላው ትጨርሳለች። አስተማሪው “ቁጥር አይገባውም” ያሉት ዳግም የብስክሌቱን ጥርስ እየቆጠረ ክፍልፋይን በራሱ ተማረ። አስካል ይህን በዓይኗ ስላየች አፏን ሞልታ አይረባም ማለት አልቻለችም። የረባው ነገር በእሷ ክንድ ላይ መቆሙን ግን ከእሷ ሌላ ያየው የለም።

ሕዝቅኤል ክፉ ሰው አይደለም። ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ይጠግናል፤ ሺፍቱ ሌሊት ነው። እሷ ጠዋት ስትወጣ እሱ ይገባል፤ ከዚያ በፈረንጅ ሰዓት እስከ ቀኑ ሁለት ይተኛል፤ እስከዚያ ልጆቹ ራሳቸውን ይመራሉ። አድርግ ያሉትን ያለ ማጉረምረም ያደርጋል። ችግሩ አድርግ የሚለው ሰው ማስፈለጉ ነው። “ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል” ይላል እየሳቀ፤ “ንገሪኝ እንጂ አስኩ፣ ሳትነግሪኝ በምን ልወቅ?” ሲንኩ ፊቱ ተገትሮ።

ልጆቹን የማያዝበት የራሱ ምክንያት አለው። አባቱ ሲሞት ጉለሌ አጎቱ ቤት ነው ያደገው። መጽሐፍ ከፍቶ አንድ ገጽ ሳይጨርስ “አንተ!” ይባል ነበር፦ ሲጋራ ግዛ፣ የእግር ውሃ አምጣ፣ እገሌን ጥራ፣ በሩ ላይ ማን እንደቆመ እይ። ልጆቼ የያዙትን ሳይጨርሱ ማንም አይጠራቸውም ብሎ ለራሱ ቃል ገብቷል። በዚያ ላይ ምስክርነት ሰጥቶበታል። በፋሲካ ሰሞን በአማርኛው ቸርች መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ ልጆቹን ከፍርሃት እንዴት እንዳወጣቸው፣ ቤቱ እንዴት የሰላም ትምህርት ቤት እንደሆነ ሲናገር ጉባኤው ሃሌሉያ ብሎለታል፤ ሁለት ቤተሰቦችም እሱን ሰምተው ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ቢጫው አውቶቡስ ላይ ማሳፈር ማለት ያንኑ ማይክራፎን መልሶ መጨበጥ ማለት ነው። አስካል የዚያን እሑድ የሕጻናት ክፍል ተረኛ ስለነበረች ምስክርነቱን አልሰማችም። ብትሰማው ኖሮ አንድ ሁለት ነገር ትጨምርበት ነበር።

ቁርጡን በነገረችው ዕለት ሕዝቅኤል ቤተሰቡን ሰበሰበ። የቤት ሥራም ቢሆን ከፍላጎት ሲመጣ ነው የሚዘልቀው አለና ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ከቤት ሥራ የሚስባችሁ የቱ ነው? ዳግም ሳያመነታ ቫኪዩሙን መረጠ። በማግስቱ ቫኪዩሙ ተፈታትቶ፣ ብሎኖቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው፣ ሳሎኑ መሐል ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቶ ተገኘ። ያው እስካሁን እዚያው ነው። ናርዲ ብዙ አሰበች። በመጨረሻም የቤት ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ማወቅ እፈልጋለሁ አለች። አባቷ ደብተርና ደቂቃ የሚለካ ስቶፕዎች ገዛላት። አስካልም አልተቃወመችም፤ ለማወቅ የፈለገ ሰው ለመሥራት አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው ብላ ገምታ ነበር።

ይኸው ዛሬ ማክሰኞ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። አስካል በግራ እጇ ዕቃ ታጥባለች፤ ናርዲ ከበስተጀርባዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ አጎንብሳለች፤ አልፎ አልፎ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። አጥባ ስትጨርስ ናርዲ ውሃ ልትጠጣ ተነሣች፤ ንጹሕ ብርጭቆ አነሣች። አስካል ጠረጴዛውን ልትወለውል ደብተሩን ገለል ስታደርገው የራሷን ስም አየች።

ገጹ ያለፈው ሳምንት ነው፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ። ቀስ እያለች አነበበችው።

“ሰኞ። ማሚ ዕቃ አጠበች፦ ሠላሳ አራት ደቂቃ፣ በግራ እጅ። ማክሰኞ። ማሚ ዕቃ አጠበች፦ አርባ አንድ። ሁለት ጊዜ ቆማ ትከሻዋን ያዘች። ረቡዕ። ዳግም ዕቃ አጠበ፦ አሥራ ሁለት። ማሚ ዳግም ያጠበውን እንደገና አጠበች፦ አሥራ ዘጠኝ። ሐሙስ። ባቢ ፍሪጅ ከፍቶ ቆመ፦ አራት። ‘ንገሪኝ’ አለ፦ ሦስት ጊዜ። ዕቃ የሚያጥበው ማሽን፣ ዲሽ ዋሸሩ፦ እስካሁን ዜሮ። ለምን?”

በሚቀጥለው ገጽ በቀለም የተሠራ ቻርት ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ሥራ በአንድ ዓምድ ተቀምጧል። ወይን ጠጅ የተቀባው የአስካል ዓምድ ገጹ ስላልበቃው ሌላ ወረቀት በፕላስተር ተቀጥሎለታል።

አንዳንድ እናት እዚህ ላይ ልጇን ታቅፋ ይሆናል። አስካልን ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ያነደዳት ንዴት ነው።

“ይኼን ሁሉ ቀን እዚያ ቁጭ ብለሽ እኔን ስትቆጥሪ ነበር?”

“አዎ” አለች ናርዲ፣ ደስ ብሏት። “አሥራ አንድ ቀን። ቻርቱን አየሽ?”

“ትከሻዬን ስይዝ አይተሻል።”

“ጽፌዋለሁ።”

“ታዲያ ለምን አልተነሣሽም?”

ናርዲ ጥያቄው ከልብ ገረማት። “ብነሣ ቁጥሩ ይበላሻል፣ ማሚ። የሚያጠና ሰው እጁን አያስገባም።”

አስካል ማልቀስም መሳቅም ፈልጋ ሁለቱንም ተወቻቸው። ለደከመ ሰው ሁለቱም ሥራ ናቸው።

ሕዝቅኤል ድምፅ ሰምቶ ከመኝታ ቤት ወጣ። ቻርቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ይኼ እኮ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጥናት ነው አለ፤ ለቸርቹ ሽማግሌ ለጋሽ ወልደየሱስ ሊልከው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣ ተዘጋጀ። አስካል ቻርቱን ብቻ ሳይሆን ሐሙስን አንብብ አለችው። አነበበ። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

“ሦስት ጊዜ አልልም” አለ።

“አራት ነው ባቢ” አለች ናርዲ። “አንዱን አልጻፍኩትም።”

ሆኖም አልተረታም። ልጅቱን ከዚህ ጥናት አንሥተን ሰሃን ብናስይዛት ኖሮ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር ብሎ ተከራከረ፤ የጉለሌው አጎትም እንደገና ተነሡ። አስካል የሚታጠፍ ልብስ አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። አጎትዬውን በአካል ሳታውቃቸው ጠልታቸዋለች።

በማግስቱ የልብስ ክፍል ውስጥ ነገሩን ለናጃት አጫወተቻት። ናጃት አሥር ዓመት በአንድ ፎቅ ላይ አብራት ጋሪ የገፋች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በዚያ ሳምንት የእሷም ወገብ ቀላል ሥራ ላይ ነበር። የቅጹን ነገር ስትሰማ ናፕኪኑን አስቀምጣ ሳቀች።

“የእኔዎቹ ትምህርት ቤት ይሄዱ የለ? ማንኪያ ግን አያነሡም። ትምህርት ቤት ዕቃ ያጥብልኛል ብለሽ ከሆነ፣ ወላሂ አትልፊ።”

አስካል ይህን አላሰበችውም ነበር። ያልታሰበውም እውነት ስለሆነ ይበልጥ አደከማት። ትምህርት ቤት ቢገቡ ሲንኩ ጠዋት ባዶ ይሆን ይሆናል፤ ከሰዓት ግን ያው ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ የናርዲ ሆድ ይጨመራል። ናጃት ቀጠለች፦ ለመሆኑ የሆቴሉን እንግዳ ዛሬ ጽዳት ይስብሃል ወይ ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

አስካል ናፕኪን እያጠፈች በዚህ ላይ ቆየች። አይጠይቁም። እንግዳ ክፍሉ ውስጥ የፈለገውን ይሆናል፤ ይጠጣል፣ ይጸልያል፣ ግድግዳ ሲያይ ይውላል፤ አያገባቸውም። ግን የጽዳት ሰዓት አለ። በአሥር ዓመት ውስጥ የጮኸባትን እንግዳ ሁሉ ስታስታውስ አንድም ሰው ክፍሌ ለምን ጸዳ ብሎ አልጮኸባትም። የጮኹት በሩ ባልጠበቁት ሰዓት ስለተንኳኳባቸው ነው።

ወጥታ ስትሄድ ከቢሮው ጠረጴዛ ላይ አንድ ባዶ ቦርድ ለምና ወሰደች።

ቤት እንደደረሰች ሲንኩን አልነካችም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በክፍል ቁጥሮቹ ቦታ ወጥ ቤት፣ ሳሎን፣ መታጠቢያ፣ ልብስ ብላ ጻፈች፤ በየአንዳንዱ ትይዩ ስም አስገባች። ድስትና መጥበሻ ለሕዝቅኤል፤ ብርጭቆና ሰሃን ለዳግም፤ ወለልና መታጠቢያ ቤት ለናርዲ፤ የልብስ ማጠፍና የምግቡ ነገር ለራሷ። ሦስቱን ጠርታ አስቀመጠቻቸው። ሕዝቅኤል ወረቀቱን ሲያይ ቤታችን ሆቴል አይደለም አለ፤ ልጅ ታዝዞ የሠራውን ዕድሜ ልኩን ይጠላዋል አለ፤ እኔ አጎቴ ቤት... ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው።

“አጎትህ የበደሉህ ስላዘዙህ አይደለም። መቼ እንደሚጠሩህ ስለማታውቅ ነው። ይኼኛው ሰዓቱ ይታወቃል፤ አንተ ስትነሣ፣ ከሁለት እስከ ሦስት። ከዚያ ውጪ እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አይጠራም። እኔም አልጠራም።”

 መቼ ይጠሩኝ ይሆን የሚለው የጉለሌው ልጅ ጆሮ አሁንም በሕዝቅኤል ውስጥ ይኖር እንደሆን አስካል አታውቅም፤ ለማወቅም የዚያን ቀን ጉልበት አልነበራትም። ሕዝቅኤል ወረቀቱን ወደራሱ ሳብ አድርጎ ስሙን አነበበ።

“እኔም አለሁበት?”

“ከላይ ነህ።”

ልጆቹ እንደ ጠበቃ ተከራከሩ። ናርዲ ኢንስፔክተር ልሁን አለች፤ አስካልም ኢንስፔክተር የሚሆነው አምስት ዓመት ጋሪ የገፋ ሰው ነው ብላ መለሰችላት። ደብተሩን መቀጠል ትችላለች፤ ግን እሷም ትጻፍበታለች። ናርዲ ራሱን የሚያጠና ሰው ቁጥሩ አይታመንም ስትል እናቷ ቻይው አለቻት። ዳግም ዲሽ ዋሸሩን ልጠቀም ብሎ ጠየቀ።  ዲሽ ዋሸሩ፣ ይህን ቤት ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር አዲስ ሆኖ ከገዙት ጀምሮ፣ እንደ ብዙ ሐበሻ ቤት የትልልቅ ድስትና የባዶ ፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። አስካል ከእጅ አይበልጥም ብላ አንድም ቀን አላስነሣችውም። አሁን ግን የምታስተባብልበት እጅ አልነበራትም። ድስቶቹ ወጡ።

ናርዲም በተራዋ አንድ ነገር ቦርዱ ላይ ይጻፍልኝ አለች።

“ማሚ እንደገና አታጥብም። ማንም ያጠበውን።”

“ንጹሕ ካልሆነስ?”

“ያጠበው ሰው ያጥበዋል። አንቺ አይደለሽም።”

አስካል ቦርዱ ላይ ፈረመች። ከሁሉም የከበዳት እሱ ነበር።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ስትመለስ ብርጭቆዎቹ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ተደርድረዋል። ዳግም መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ማሽኑ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጦ እስኪጨርስ ድረስ አዳምጦታል፤ ሳሙናውን ግን በእጥፍ አድርጎታል። ወለሉ ርሷል። ቫኪዩሙ ተገጣጥሟል፤ አንድ ብሎን ተርፎታል፤ እንደ ሄሊኮፕተር ይጮኻል እንጂ ይሠራል። ሕዝቅኤል ድስቶቹን አጥቧል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ሳይሆን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፤ ናርዲ ጽፋዋለች። አስካል አንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፣ ወደ ሲንኩ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና እጇን የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ላይ እያለች ከሕዝቅኤል መልእክት መጣላት። የጠዋቱ ተረኛ ስለቀረ ኦቨርታይም ገብቷል፤ እስከ ቀትር ይሠራል። ናፕኪኗን ጨርሳ የመመለሻ ወረቀቷን አስፈረመች፤ ከነገ ጀምሮ አሥራ ሦስት ክፍል። ናጃት ስትሰናበታት በርቺ ብቻ አለቻት።

ቤት ስትገባ ከሁሉ በፊት ወለሉን አየች፤ ደርቋል፤ ጸድቷል። ብርጭቆዎቹ ቦታቸው ናቸው፤ ዱቄቱም ቀንሷል። ዳግም ጠረጴዛው ላይ የተረፈችውን ብሎን በማጉያ መነጽር ይመረምራል። ናርዲ በርጩማዋ ላይ ታነባለች። ሲንኩ ውስጥ ሁለት ድስትና የምስር ወጥ የደረቀበት መጥበሻ አለ። ከመኝታ ቤቱ የሕዝቅኤል ማንኮራፋት ይሰማል።

“የባቢ ነው” አለች ናርዲ፣ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል። “ቦርዱ ላይ አለ። ሰዓቱ አልፏል።”

አስካል ሲንኩ ፊት ቆመች። ሰውየው ከትናንት ማታ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሠርቷል፤ ከተኛ ገና አራት ሰዓቱ ነው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ድስትና አንድ መጥበሻ በግራ እጅ ቢሆን ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እጇ ቧንቧው ላይ አረፈ። ይኼኔ ነው የገባት፤ ይህ ቤት እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ በስድስት ስድስት ደቂቃ ነው። ሁልጊዜም የደከመ ሰው ይኖራል፤ ሁልጊዜም ምክንያቱ እውነት ነው።

“ማሚ፣ ፈርመሻል” አለ ዳግም።

እጇን ከቧንቧው አነሣች። ልትቀሰቅሰው ወደ መኝታ ቤቱ ሁለት እርምጃ ሄዳ እሱንም ተወችው። ማንም ማንንም አይጠራም፣ እኔም አልጠራም ያለችው ራሷ ናት። ተመልሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስልኳንም አወጣች።

ቅጹ እንደሞላችው ነበር። የናርዲ ስም፣ የዳግም ስም፣ አድራሻ፣ ክትባት። ከታች ሰማያዊ ቁልፍ።

ናርዲ ስልኩ ላይ ያለውን ቅጽ ከሩቅ ለየችው። መጽሐፏን ዘጋች። አንድ እጇ ሳታውቀው ሆዷ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። አስካል እጁን አየችው። ያንን እጅ ሁለት ዓመት አላየችውም ነበር።

“እኛ ቦርዳችንን ጨርሰናል” አለ ዳግም። ነገሩን በልቡ ሲያሰላ ቆይቶ ነበር። “ታዲያ ስኩል የሚሄደው ማነው? ባቢ?”

ማንም አልሳቀም። ጥያቄው ግን ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጥያቄ ነበር። ነገ አስካልን አሥራ ሦስት ክፍል ይጠብቃታል። ድስቶቹ ዛሬ በእሷ እጅ ከታጠቡ ነገም በእሷ እጅ ይታጠባሉ፤ ያኔ ልጆቹ ቤት ዋሉ ትምህርት ቤት ዋሉ ትከሻዋ ልዩነቱን አያውቀውም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው፦ ሕዝቅኤል ወጥቶ “ንገሪኝ” ካለ ቁልፉን ትጫነዋለች። ምስክርነቱ የራሱ ጉዳይ ነው። አውራ ጣቷን ከቁልፉ በላይ እንዳንዣበበች ጠበቀች።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሆነ። ማንኮራፋቱ ቆመ። በሩ ተከፈተና ሕዝቅኤል በካኒቴራ፣ በባዶ እግሩ፣ የትራሱ ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሞ ወጣ። ማንንም ሳያይ ወደ ፍሪጁ ሄዶ ከፈተና ቆመ። ቀዝቃዛው ብርሃን ፊቱ ላይ ወደቀ። ናርዲ ስቶፕዎቹን አነሣች፤ ግን አልተጫነችውም።

የውሃ ጠርሙስ አውጥቶ ግማሹን ጠጣ። ሲዞር ነው ያያቸው፤ ሚስቱ ስልክ ይዛ ተቀምጣለች፤ ሴት ልጁ ሆዷን ይዛለች፤ ወንዱ ልጁ በማጉያ መነጽሩ ውስጥ ይመለከተዋል፤ አንድ ዓይኑ የብርቱካን ያህል አድጎ። ሲንኩን አየ። ሚስቱን አየ።

“ን...” አለ።

የቀረውን አላወጣውም። ዓይኑ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት የተለጠፈው ቦርድ ላይ ሄደ። ስሙ እውነትም ከላይ ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ፍሪጁን በክርኑ ዘጋ። ጠርሙሱን አስቀምጦ ወደ ሲንኩ ሄደ፤ ውሃውን ከፈተ፤ መጥበሻውን አነሣ።

ጠቅ አለ ስቶፕዎቹ።

ሕዝቅኤል ጀርባውን ሰጥቷቸው ያሻል። የደረቀው ምስር አለቅ ብሎታል፤ በጥፍሩ ይታገለዋል። ሰፍነጉን በተሳሳተ በኩል ነው የያዘው። ሻካራውን ጎን ቢያዞረው በሁለት ማሸት ይለቅለት ነበር። አስካል ከተቀመጠችበት ይታያታል፤ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ሞልቶ መተው እንደነበረበትም ታውቃለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ዋጠችው። የመጀመሪያውን ድስት ከጠርዙ ቅባት ሳይለቅ መደርደሪያው ላይ ደፋው። ቀኝ ትከሻዋ እንደ ልማዱ ጠዘጠዘ። ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ መብራቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ቅጹ ከነቁልፉ ውስጡ አለ፤ አላጠፋችውም።

ናርዲ እጇን ከሆዷ ላይ አንሥታ እርሳሷን ያዘች። ዳግም መነጽሩን ወደ አባቱ ክርን አዞረ። ሕዝቅኤል ሁለተኛውን ድስት አነሣ። ቁጥሩ እንዳይበላሽ ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም።